ቡሬ ላይ አልጫን ያሉ አሥር ኮምፒውተሮችና የእኔ ዓለም አቀፍ ውርደት

ቁጭ በሉ። ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁም የሆነ ነገር ደገፍ በሉ።

ዓለም አቀፍ ውርደት ተዋርጄ ነው የመጣሁት!

ዓለም አቀፍ ያልኩት ለማጋነን እንዳይመስላችሁ። በሰፈር መዋረድ አለ፤ በመሥሪያ ቤት መዋረድ አለ። የእኔን ግን ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በእንግሊዝኛ አንብበው ላይክ አድርገውታል።

ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ገጼ ላይ «ዓለም የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ላይ ከባድ ስህተት አገኘሁ!» ብዬ የፎከርኩትን ታስታውሳላችሁ?

«ጀግና!» ያላችሁኝ፣ «ኮራንብሽ!» ያላችሁኝ፣ የእሳት ምልክት እየላካችሁ እሳት በእሳት ያደረጋችሁኝ...

እሳታችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

አዲስ ለመጣችሁ፦ ማስተዋል እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻን ነኝ።

አዎ፣ ስሜ ማስተዋል ነው። የሠራሁትን ስትሰሙ እናቴ ታሳዝናችኋለች።

ነገሩ የተጀመረው ቡሬ ነው። እዚያ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ትንሽ ንባብ ቤት አለች። የአካባቢው ተወላጆች ያገለገሉ አሥር ኮምፒውተሮች ሰበሰቡና ላኩላት።

ለምን መሰላችሁ? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሆነ አይደል? ከየገጠሩ መጥተው ቡሬ ቤት ተከራይተው ከሚማሩት ልጆች ደግሞ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ የፈተና መለማመጃ ፕሮግራም ይጫንላቸው ተባለ።

«ማን ይጫን?»

«ፍኖተ ሰላም አንዲት ልጅ አለች፤ ነፍስ ናት!»

ነፍሷ እኔ ነኝ። ፈቃድ ወጣሁና ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ።

የንባብ ቤቱን ቁልፍ የያዙት የኔታ አምሳሉ ናቸው። የደብሩ መምህር ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን የዘመን ቆጠራ ማለት ነው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ካሌንደር ሳያዩ፣ ስልክ ሳይነኩ፣ በጣታቸው ቆጥረው ይነግሯችኋል።

ኮምፒውተር የተማሩት ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻቸው ነው። በሁለት ጣት ይተይባሉ፤ ግን አንድ ፊደል አይስቱም።

«እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ» አሉኝ። «ማሽኖቹን ጠርጌ፣ አጥርቼ፣ አስተካክዬ ነው የጠበቅሁሽ።»

አስተካክዬ!

ያኔ ነው መጠየቅ የነበረብኝ። «ምናቸውን ነው ያስተካከሉት የኔታ?» ብል ኖሮ ይህ ፖስት አይኖርም ነበር።

አልጠየቅኩም። እኔ ባለሙያ ነኛ!

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ፓኬጅ ማኔጀር የሚባል መሣሪያ አለ። አንድ ፕሮግራም ስታዙት ከምንጩ ያመጣል። ፕሮግራሙ «ያለ እከሌና ያለ እከሊት አልገባም» ካለም፣ እከሌንም እከሊትንም ፈልጎ ያመጣና አንድ ላይ ይጭናል። ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ ጭኖ እንደሚመጣ መኪና አስቡት። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

ስልኬን ሆትስፖት አደረግኩ፤ መስመሯን ጻፍኩ።

«ምንጩን ማግኘት አልተቻለም።»

ደገምኩ። «ምንጩን ማግኘት አልተቻለም።»

ወደ ሁለተኛው ማሽን ሄድኩ። ያው። ሦስተኛው፣ ያው። አሥሩም በአንድ ቃል እንደ ተማከረ ምስክር ያችኑ ይደግማሉ።

በር ላይ ደግሞ ተማሪዎቹ ተሰብስበዋል። ከእነሱ መሃል ባንቻየሁ የምትባል ልጅ አለች፤ ከገጠር ናት፤ ዝም ብላ እጄን ታያለች። ከፕሮግራሙ ይልቅ ማውሱን እንዴት እንደያዝኩት ነው የምታየው።

«እቴ፣» አለችኝ በስተመጨረሻ፣ «ይኼ ነገር ሲነኩት ይሰበራል?»

«አይሰበርም። ነክተሽ አታውቂም?»

«አላውቅም። ፈተናው ላይ እጄ ቢንቀጠቀጥና ያልመረጥኩትን ቢመርጥብኝስ ብዬ ነው።»

ይህን ስትል እንደ ቀልድ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ፣ የሚያስፈራት ጥያቄው ሳይሆን ማውሱ ነው!

የኔታ ለሁሉም ነግረዋቸዋል፦ ሐሙስ ሚካኤል ነው፤ ከሚካኤል ማግስት ልምምድ ይጀመራል። እኔም «ዛሬ ማታ ያልቃል» ብያለሁ። አፌ!

እንግዲህ አንድ ባለሙያ ኢንተርኔት አልሠራ ሲለው ምን ያያል? ኔትወርክ ያያል። አየሁ፤ ደኅና ነው። የምንጩን አድራሻ ያያል። አየሁ፤ ልክ ነው። ቀንና ሰዓት ያያል።

አየሁ!

እመኑኝ፣ አይቻለሁ! ማሽኑ ጥግ ላይ ዘጠኝ በአሥር ይላል። ሰኔ ዘጠኝ ነበር፤ ሰኔ ደግሞ አሥረኛ ወር ነው። ልክ! ዓመቱንም አየሁ፤ ያለንበት ዓመተ ምሕረት ነው። ልክ! ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ይላል። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ከሩብ። ልክ!

ከመካከላችሁ እዚህ ላይ የሳቃችሁ አላችሁ። ተረድታችሁኛል። እባካችሁ ለሌሎቹ አትንገሩ።

ማክሰኞ ሲሙን ቀየርኩ። ሌላ ስልክ ተዋስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል። ስልኩን ከፍ አድርጌ ለመያዝ ወንበር ላይ ወጣሁ። የኔታ ከታች ወንበሩን ያዙልኝ።

«ወደ ላይ ሲሆን ይሻለዋል?» አሉኝ።

«አንዳንዴ ይሻለዋል የኔታ።»

«ጸሎትም እንዲሁ ነው» አሉና ወንበሩን አጥብቀው ያዙ።

አልተሻለውም።

ያኔ እልህ ያዘኝ። አንዱን ኮምፒውተር ከነአካሉ ነቅዬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፍኖተ ሰላም ይዤው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ እናት «ምንድን ነው ልጄ? ምነው እንዲህ አቀፍሽው?» አሉኝ። «ታሞብኝ ነው» አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ በዚያ ሳምንት ያዘነልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ኮሌጅ ገብቼ ከላቡ ኢንተርኔት ጋር በኬብል አገናኘሁት።

«ምንጩን ማግኘት አልተቻለም።»

የእኔ ላፕቶፕ እዚያው አጠገቡ፣ በዚያው ኬብል፣ ያችኑ መስመር ጽፌለት ጫነ!

አሁን ምክንያቴን ተከታተሉ፤ በጣም የሚያምር ምክንያት ነው። ኔትወርኩ አይደለም፤ ቀይሬዋለሁ። ማሽኑ አይደለም፤ አሥር ማሽን በአንድ ጊዜ አይበላሽም። እኔ አይደለሁም፤ እኔ ነፍስ ነኝ።

ስለዚህ መሣሪያው ነው!

የፓኬጅ ማኔጀሩን የሚሠሩት ከየአገሩ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስህተት ያገኘ ሰው በአደባባይ የሚጽፍበት ገጽ አላቸው፤ ማንም ያነበዋል። ገባሁና ጻፍኩ።

እንዴት ጻፍኩ መሰላችሁ?

በእንግሊዝኛ፣ በትልልቁ ፊደል!

«መሣሪያችሁ አፍሪካ ውስጥ አይሠራም! ለመሆኑ ከቢሯችሁ ውጭ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? አሥር ኮምፒውተር ላይ ሞክሬያለሁ! በሦስት ኔትወርክ ሞክሬያለሁ! ተማሪዎች እየጠበቁ ነው! ይህ አሳፋሪ ነው!»

አሳፋሪ የሚለውን ቃል የመረጥኩት አስቤበት ነው። ከዚያ ስክሪንሾት አንስቼ እዚህ ለጠፍኩት። እናንተም እሳት በእሳት አደረጋችሁኝ። እንደዚያ ምሽት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ያቺን ኮምፒውተር እንደገና አቅፌ ቡሬ ተመለስኩ። ስገባ የኔታ፣ ባንቻየሁና ሌሎች ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ስልኬ ጮኸ። መልስ መጥቷል!

«ዝም በሉ! መለሱልኝ!» አልኩ።

የመለሰችልኝ ኤሌና የምትባል ሴት ናት። ስድቤን እንዳላየች ሆና እንዲህ አለች፦ «ስለ ጻፍሽልን እናመሰግናለን። ተማሪዎቹ መጠበቃቸው ያሳስባል። ኮምፒውተሩ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ የሚያሳየውን ልትልኪልኝ ትችያለሽ?»

እንዴ!

ቀን ትጠይቀኛለች? እኔን? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መሰልኳት?

«ቀኑ ልክ ነው፤ አረጋግጫለሁ» ብዬ መለስኩ። ኮስተር ብዬ።

ወዲያው መለሰች። «ጥሩ። ብቻ ለማንኛውም ላኪልኝ፤ ከማሽኑ ራሱ ኮፒ አድርገሽ።»

ትዕዛዙን ጻፍኩ፤ የወጣውን ሳላነብ ቀድቼ ላክሁላት። ሳላነብ! ለአንዲት መስመር ጽሑፍ ጊዜ አልነበረኝም።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ማስተዋል፣ ኮምፒውተርሽ ጥቅምት ላይ ነው። እሱም የዛሬ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የነበረው ጥቅምት።»

ማያ ገጹን አየሁ። አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ግልጥ አድርጎ ይናገራል፦ ኦክቶበር። ወሩ አሥር!

ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይቆጥራል። ቁጥሩ ግን በእኛ ነው የተሞላው። አሥረኛው ወር ለእኔ ሰኔ ነው፤ ለእሱ ኦክቶበር። የእኛ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ለእሱ ያለፈ ዘመን ነው። ሰዓቱም ሦስት የሚለው የእኛን የጠዋት ሦስት ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁት ቀን ለእኔ ትክክል ስለነበር ብቻ ትክክል መሰለኝ።

ለምን አልጫን እንዳለም ገባኝ። ኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ ምንጭ መታወቂያ አለው፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል» የሚል። ኮምፒውተሮቹ ያንን መታወቂያ እያዩ «ይኼ እኮ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው!» እያሉ ነው በር የዘጉት። እውነታቸውን ነው! ከሰባት ዓመት በኋላ የታተመ መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው ቢያንኳኳ እናንተስ ታስገባላችሁ?

ብሮውዘር ብከፍት ኖሮ እንኳ «ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ይነግረኝ ነበር። አልከፈትኩም። ባለሙያ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ነዋ የሚሠራው!

ቀና አልኩ።

«የእነዚህን ኮምፒውተሮች ቀን የነካው ማነው?»

ተማሪዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። የኔታ ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ተነሡ። ኩታቸውን አጣፉ።

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«እርስዎ?»

«ሲመጡ ስህተት ነበረባቸው። ገና ያልደረስንበትን ዓመት ይናገሩ ነበር። አረምኳቸው።»

«አሥሩንም?»

«አሥሩንም። አንዱን አርሞ ዘጠኙን በስህተት መተው ይገባል እንዴ?»

«ግን የኔታ... ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይመለስ አልነበረም?»

«ይመለስ ነበር እንጂ!» አሉ፣ የቆየ ንዴታቸው መጣባቸው። «እልኸኛ ነው! አርሜው እሄዳለሁ፤ ስመጣ ተመልሶ ተሳስቶ አገኘዋለሁ። ኋላ ቀኑን በራሱ እንዲያስተካክል የምትፈቅድ ምልክት አገኘሁና አነሣሁበት። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ተቃና።»

ባንቻየሁ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አንዱ ተማሪ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እኔ? እኔ ሳቄ መጣ፣ ልቅሶዬ መጣ፤ ሁለቱ በር ላይ ተጋፉ።

ለየኔታ አስረዳኋቸው። የፈረንጁን ዓመት፣ መታወቂያውን፣ በሩን። በጥሞና ሰሙኝና አንድ ነገር አሉ።

«እንግዲያ ማሽኖቹን ቀን ነው የጣላቸው በይኛ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! ሁለት ትርጉም ያለው ነገር በዚያ ፍጥነት ከየት እንደሚያመጡት እንጃ።

ግን ሳቁ ሲያልፍ ፊታቸው ጠቆረ። ተቀመጡ።

«ሦስት ቀን ዝናብ ያስመታሁሽ እኔ ነኛ፣» አሉ ቀስ ብለው። «እነዚህንም ልጆች ያስጠበቅሁ።»

«ኧረ የኔታ! እርስዎ ያረሙት የሚያውቁትን ነው። የማላውቀውን አውቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ሰው ሰድቤያለሁ!»

«ማንን ሰደብሽ?»

ነገርኳቸው። በትልልቁ ፊደል መሆኑንም ጭምር።

«ይቅርታ ጠይቂያታ!» አሉኝ። «አሁኑኑ። ይቅርታ ሲያድር ይከብዳል።»

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። በትንንሹ ፊደል። ለኤሌና ሁሉንም ነገርኳት፤ እኛ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር እንዳለን፣ የዘመን ቆጠራ ሊቅ የሆኑ መምህር ኮምፒውተሮቹን እንዳረሟቸው፣ እኔ ሳላነብ እንደተሳደብኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ።

ከዚያ አሥሩንም ማሽን ወደ ፈረንጁ ቀን መለስኳቸው። መስመሯን ጻፍኩ።

ጫነ!

እየቆጠረ፣ እየጫነ፣ እከሌን ከነእከሊት እያመጣ! ሰባተኛው ላይ መብራት ሄደ፤ ሁሉም «ኡኡ!» አለ። ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። አሥረኛው ሲያልቅ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ለማን እንዳጨበጨቡ አልጠየቅኩም፤ ለእኔ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ባንቻየሁ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማውሱን እንደ እንቁላል ያዘችው። እጇ እውነትም ተንቀጠቀጠ፤ ቀስቷ ማያ ገጹ ላይ ስትዘል ደነገጠች። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አሥረኛው ላይ ስትደርስ እጇን ረስታው ነበር። ጥያቄው ከብዷት ግንባሯን ቋጥራለች።

አቤት ደስ ሲል! በጥያቄው ስትጨነቅ ማየት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እዚህ ላይ ያበቃል ብላችሁ ነበር አይደል? እኔም ብዬ ነበር።

የኔታ ግን ከኋላዬ ቆመው ያቺን የድሮ የስህተት መልእክት ሌላ ማሽን ላይ እያነበቡ ነበር። ፊደል በፊደል። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ምንጩን ማግኘት አልተቻለም ነው የሚለው?»

«አዎ የኔታ።»

«ምንጩን ግን አግኝቶታል። በቀን አልተስማሙም እንጂ።»

«አዎ...»

«ታዲያ ማሽኑ ለምን ዋሸሽ?»

እውነትስ፣ ለምን ዋሸኝ?

ስልኬ ጮኸ። ኤሌና ናት። ይቅርታዬን ተቀብላለች። «በዚህ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ የወደድኩት ታሪክ ነው፣ መምህርሽን ሰላም በይልኝ» አለች። ከታች ደግሞ እንዲህ የሚል አለ፦

«ግን ስህተት አለ ያልሽው እውነት ነው። ስህተቱ አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ ባይሆንም፣ አለ። መሣሪያችን የሚያጋጥመውን ችግር ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚናገረው። ቀኑ መሆኑን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። ልታስተካክዪው ትፈልጊያለሽ? አግዝሻለሁ።»

እኔ? ያን የሚያህል መሣሪያ? ትናንት የሰደብኩትን?

ፈለግሁ።

ሐሙስ ሚካኤል ነበር፤ የኔታ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። እኔ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ኮዱን ፈለግሁ። ቦታው ተገኘ፤ አንድ ትንሽ ጥግ ናት። ማንኛውም ችግር ሲመጣ ተቀብላ፣ ምን እንደሆነ ሳታይ፣ «ምንጩን ማግኘት አልተቻለም» ብላ ታሰናብታለች። ራሴን አየሁባት።

አስተካክዬ ላክሁ። ኮርቼ!

ኤሌና ሞከረችው። «በጣም ጥሩ ጅምር ነው» አለች። ይህን ሲሉ ተበላሽቷል ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። የእኔ ማስተካከያ ኬብሉ የተነቀለበትን ሰው፣ ኢንተርኔት ጨርሶ የሌለውን ሰው፣ ሁሉንም «ቀንህን አስተካክል!» ይለዋል። ቀኑ ደኅና የሆነውን ሁሉ ቀን ሊያስቀይር!

ማለትም ዓለምን በሙሉ ቡሬ ላደርገው ነበር።

እንደገና ሠራሁት። አሁን መጀመሪያ መታወቂያውን ያያል፤ ኮምፒውተሩ ያለበት ቀን ከመታወቂያው መነሻ በፊት ከሆነ ብቻ ስለ ቀን ይናገራል። ኤሌና መስመር በመስመር አየችልኝ። የት እንደሳትኩ ነገረችኝ እንጂ ለምን እንደሳትኩ አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ መልእክቱ። ለሰውየው ምን ይበል? በእንግሊዝኛም በአማርኛም እንዲሆን ፈቀደችልኝ። እኔ «የኮምፒውተርዎ ቀን ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ቡሬ ሄጄ ለየኔታ አነበብኩላቸው። አልወደዱትም።

«ስህተት አይበል» አሉኝ።

«ለምን የኔታ?»

«ስህተት አልነበረማ። አቆጣጠሩ ትክክል ነው፤ ከሌላው አቆጣጠር ጋር ግን አልተስማማም። ሰውየውን ተሳስተሃል ካልሽው ይናደዳል፤ እንደ አንች ይሳደባል። አልተስማማችሁም ካልሽው ግን ይመለከታል።»

ወረቀት አመጡ። ጻፉ፤ ሰረዙ፤ ጻፉ። በስተመጨረሻ ይህን ሰጡኝ፦

«የዚህ ኮምፒውተር ቀን ከምንጩ ቀን ጋር አልተስማማም። በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ይመልከቱ።»

ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ላክሁላት። ኤሌና ወዲያው ጻፈች። «አንድም ቃል አትንኩበት» አለች ለሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች።

ዛሬ ጠዋት ገባ። ጸደቀ! ከአሁን ወዲያ ያንን መሣሪያ የሚጭን ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ቀኑ ካልተስማማ የኔታ አምሳሉ በቡሬ ዝናብ ውስጥ በእርሳስ የጻፉትን ያነባል። ስነግራቸው ምን አሉ? «ነጥቡን አልረሱትም?» አሉ። አልረሱትም የኔታ። አራት ነጥቡም አለ።

እንግዲህ ያ የስድብ ጽሑፌ አሁንም እዚያው ነው፤ በትልልቁ ፊደል፣ ከነቃለ አጋኖው። ከሥሩ ደግሞ የኤሌና «ኮምፒውተርሽ ጥቅምት ላይ ነው» አለ፤ ላይኩ ዛሬም አላባራም። ኤሌናን «ላጥፋው?» ብዬ ለመንኳት። «ባታጠፊው ደስ ይለኛል፤ የሚቀጥለው ሰው ፈልጎ የሚያገኘው እሱን ነው» አለችኝ።

ተናደድኩ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ከሥሩ አንድ ሰው በአማርኛ ጻፈ። ከሊበን ነው።

«እህቴ፣ የእኛም ኮምፒውተር ተበላሽቷል ተብሎ ጥግ ከተቀመጠ ወራት ሆኖታል። አሁን ጽሑፍሽን አንብቤ ሄጄ ቀኑን አየሁት። ተጫነ! ለካ ያረምኩት እኔው ራሴ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ ተሳደብሽልን!»

ስለ ተሳደብሽልን!

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ደርሶኝ አያውቅም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ እየተሻለኝ ነው።

ኤሌና፣ ስለማታነቢው ነው በአማርኛ የምጽፈው፦ ሰድቤሽ ሥራ አስተማርሽኝ። የኔታ፣ ወንበሩን ስለያዙልኝ፣ ይቅርታዬንም ሳይውል ሳያድር ስላስጻፉኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የሚኒባሷ እናት፣ ታማሚው ድኗል።

እናንተስ? ከመካከላችሁ ኮምፒውተር «ያረመ» አለ? አይዟችሁ፣ አትፈሩ፤ በውስጥ መስመር ንገሩኝ።

በአደባባዩስ እኔ ተዋርጄላችኋለሁ!